«ያለ ካሹ»፦ በአንድ የሰፈር የህንድ ሬስቶራንት የሆነው

ለምን እንደጻፍኩት

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። ከባድ የካሹ አለርጂ አለባት፤ ካሹ በዛፍ የሚበቅል ለውዝ መሰል ፍሬ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሰፈራችን ያለ የህንድ ሬስቶራንት ውስጥ እራት በላን። ስናዝዝ አለርጂውን ተናግረናል። አስተናጋጁ ሰምቶ ጽፏል። ሼፉም ወረቀቱን አንብበው፣ በገባቸው መጠን የተባለውን አድርገዋል። ልጅቷ ግን ያን ሌሊት ያደረችው ሆስፒታል ነው።

በኋላ ነገሩን ከሥሩ ስናጣራ የዋሸ ሰው አላገኘንም። ሆን ብሎ ቸል ያለም አልነበረም። ሁሉም የድርሻውን እየሠራ ነው ልጅቷ የታመመችው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ጥፋተኛ የሌለበት አደጋ ነገ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይደገማል።

ለመጻፍ የቤተሰቡንም የሬስቶራንቱን ባለቤቶችም ፈቃድ ጠይቄያለሁ። የማንንም ስም አልጠራም።

ቤቱና እኛ

ሬስቶራንቱ ትንሽ ነው። 11 ጠረጴዛ አለው። የሚያስተዳድሩት ባልና ሚስት ናቸው። ባል ማድ ቤት ያበስላሉ፣ ሚስት ካሸር ላይ ተቀምጠው እንግዳ ይቀበላሉ። አስተናጋጁ ወጣት ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር። ሜኑው ከህንድ ውጭ ባሉ ብዙ የህንድ ሬስቶራንቶች እንደሚታየው የሰሜኑን ምግብ ያደላል። ታንዱር በሚባል የሸክላ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ናን የሚባል ቂጣ፣ ፓኒር የሚባል አይብ፣ በቅቤና በክሬም የለሰለሰ ስጎ። የደቡቡ ዶሳና ኢድሊ እዚያ ቤት የለም።

እኛ ስድስት ነበርን። 70 ዓመት የሞላቸው እናቴ፣ እህቴና ባሏ፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ እኔ። የመጣነው የእናቴን ልደት ለማክበር ነው።

የልጅቷ አለርጂ የታወቀው በ4 ዓመቷ ነው። ሐኪሟ ከካሹ ሌላ ፒስታቺዮም ከልክለዋታል። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው፤ አንዱ የማይስማማው ሰው ሌላውም ብዙ ጊዜ አይስማማውም። ኦቾሎኒ ግን ያለ ችግር ትበላለች። ኦቾሎኒ ከባቄላና ከሽምብራ ወገን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ችግር አለ። «ለውዝ» ስንል አንዳንዱ ኦቾሎኒ ማለቱ ነው። አንዳንዱ አልሞንድ ማለቱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው። እንዲህ ያለ መደበላለቅ በሌሎች ቋንቋዎችም አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ፣ ምግብ ቤቶች ለእንግዳ ማሳወቅ ያለባቸውን 14 የአለርጂ ምንጮች ይዘረዝራል። እዚያ ዝርዝር ላይ ኦቾሎኒ ለብቻው ተጽፏል። ካሹ፣ አልሞንድ፣ ፒስታቺዮና መሰሎቻቸው ደግሞ በሌላ ረድፍ ናቸው። እኛ ያን ምሽት ሁለቱን ረድፎች በአንድ ቃል ነው የጠራናቸው።

ያ ምሽት

ሰዓቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቷል። አስተናጋጁ እየሮጠ ነው የሚሠራው።

ልጅቷ በተር ቺክን መረጠች። ሜኑው ላይ «በታንዱር የተጠበሰ ዶሮ፣ ቲማቲም፣ ቅቤ፣ ክሬም» ይላል። ካሹ የሚል ነገር የለም። እህቴ ግን ሳትጠይቅ አላለፈችም።

«ልጄ የለውዝ አለርጂ አለባት። ይሄ ለውዝ አለው እንዴ?»

«የለውም።»

«ካሹስ? ካሹ በጣም ነው የሚጎዳት።»

«እሺ፣ ያለ ካሹ ብዬ እጽፋለሁ።»

ደብተሩ ላይ ሁለት ቃላት ጻፈ። «ያለ ካሹ»። እህቴ ሲጽፍ አየችው። ልቧ አረፈ።

ምግቡ መጣ። ሳህኖቹ መሀል ላይ ተደረደሩ፣ ሁሉም ከሁሉም እያነሳ ይበላል። ልጅቷ ናኑን ቆርሳ ስጎው ውስጥ ነከረች። ጥቂት ከበላች በኋላ ዝም አለች። ውሃ ጠጣች። ከንፈሯን በናፕኪን ጠረገች፣ ቆይታ ደግሞ ጠረገች። ማናችንም ልብ አላልንም፤ ኬኩ እየመጣ ነበር። ሻማው ተለኮሰ፣ ተዘፈነ፣ እናቴ እፍ አሉ። ያኔ ነው «ማሚ፣ ጉሮሮዬ» ያለችው።

በኋላ የነገረችኝን እዚህ ልጻፈው። «አፌን ሲያሳክከኝ አውቄዋለሁ፣ አጎቴ። የአያቴን ልደት ላለማበላሸት ነው ዝም ያልኩት።»

ከንፈሯ አብጧል። አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጥቷል። እህቴ ከቦርሳዋ የአለርጂ ሽሮፕ አውጥታ ሰጠቻት። የአድሬናሊን መርፌው እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም። «ሽሮፑ ይሥራ እስኪ፣ ትንሽ እንይ» አለች። አየን። ልጅቷ ማስታወክ አማራት። አባቷ ደግፎ እስከ መጸዳጃ ቤት አስኬዳት። ስትመለስ ድምጿ ጎርንኖ ነበር። ያኔ አባቷ መርፌውን ጭኗ ላይ በውጭ በኩል ወጋት። እኔ አምቡላንስ ጠራሁ። ከስልኬ ፎቶዎችና ከጥሪው ሰዓት በኋላ እንዳሰላነው፣ «ጉሮሮዬ» ካለችበት እስከ መርፌው 12 ደቂቃ አልፏል።

ሆስፒታል እስኪነጋ አቆዩአት። ምልክቱ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላም ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ዳነች። ሐኪሙ ሁለት ነገር አስረግጦ ነገረን። አንደኛው፣ ሽሮፑ ማሳከክን ያስታግስ ይሆናል እንጂ የጠበበ መተንፈሻ አይከፍትም፣ የወደቀ የደም ግፊት አያነሳም። ከባድ ምልክት ሲታይ መጀመሪያ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው፣ እሱም ቶሎ። ሁለተኛው፣ እንዲህ የሆነ ሰው ተነስቶ መሄድ የለበትም። ይጋደማል፣ እግሩ ከፍ ይላል፤ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጣል። የሚያስታውከው ከሆነ በጎኑ ይተኛል። እኛ መጸዳጃ ቤት ድረስ በእግሯ ነው ያስኬድናት።

ማድ ቤት ገብተን ያየነው

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እህቴና እኔ ተመልሰን ሄድን። የምሳ ሰዓት አልቆ የእራት ሳይጀምር፣ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ቀድማ ደውላ ነበር። የሄደችው ተናዳ ነው፣ አልደብቅም። ባለቤቲቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ዓይናቸው ቀልቷል።

ሼፉ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። «በልጆቼ እምላለሁ፣ አንዲት ፍሬ ካሹ አልጣልኩበትም» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቡን። ምድጃው አጠገብ ሦስት ትልልቅ የብረት ዕቃዎች ተደርድረዋል። በየዕቃው ውስጥ ጠዋት ተሠርቶ የደረሰ ስጎ አለ። የመጀመሪያው ቡናማ ነው፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድና ድንብላል። ሁለተኛው ነጭ ነው። ሦስተኛው ብርቱካናማ ነው፣ የበተር ቺክኑ። ማታ ትዕዛዝ ሲመጣ ከአንዱ ዕቃ በጭልፋ ይጨለፋል፣ ዶሮው ወይም ፓኒሩ ይገባበታል፣ ቅመም ይስተካከላል፣ ይወጣል። ብዙ የህንድ ሬስቶራንቶች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ሜኑው ላይ 40 ስም ቢኖርም ከሥር ያሉት ሦስት ወይም አራት ዕቃዎች ናቸው። ባይሆን ኖሮ አንድ ሼፍ ሠላሳ እንግዳ ማስተናገድ አይችልም።

ከዕቃዎቹ ጎን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነበር። ውስጡ ውሃ የተሞላ ካሹ አለ። ፍሬው ውሃውን ጠጥቶ አብጧል። ሼፉ አንዱን አንስተው በሁለት ጣታቸው መሀል ጫን አሉት፤ እንደ ለሰለሰ ቅቤ ተደፈጠጠ። የተፈጨውንም አሳዩን። ነጭ፣ ወፍራም፣ ለስላሳ። ክሬም ነው ብባል አምን ነበር። ነጩ ስጎ ግማሽ የሚሆነው እሱ ነው። ብርቱካናማው ውስጥም ይገባል።

«ለምን ካሹ?» አልኳቸው። ስጎውን ያለ ዱቄት ያወፍረዋል አሉ። የቲማቲሙን ኮምጣጣነት ይሰብራል፣ የበርበሬውን ማቃጠል ያለዝባል፣ እርጎና ክሬም እንዳይቋጠሩ ይይዛል። ይህን ሲሉ እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ሁለታችንም አንድ ነገር ገባን። ልጆች ሁልጊዜ የሚመርጡት የማያቃጥለውን ነው። የማያቃጥለውን የማያቃጥል የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካሹ ነው። ቆርማ፣ ሻሂ ፓኒር፣ ማላይ ኮፍታ፣ በተር ቺክን። ለልጅ «ይሄን ውሰጂ፣ ለስላሳ ነው» እያልን የምናቀርብላቸው እነዚህን ነው።

እንግዲህ «ያለ ካሹ» የሚለው ወረቀት እዚያ ማድ ቤት ሲደርስ ምን ማለት ነበር? ሼፉ የተጠበሰ ካሹ ከላይ ይነሰንሳሉ። ወረቀቱን ሲያዩ አልነሰነሱም። በቃ። አለርጂ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ የለም፤ ካሹ የማይወድ ሰው መሰላቸው። አስተናጋጁ ስጎው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም ነበር። እህቴ ደግሞ ምግቡ ትዕዛዝ ሲመጣ ከዜሮ ተነስቶ የሚሠራ መስሏት ነበር። ጠዋት ተፈጭቶ የገባ ነገር ማታ አይወጣም። ማብሰልም አለርጂውን አያጠፋውም።

ያደረግነው

ባለቤቲቱ ቤተሰቡን በነጻ ሊጋብዙ ፈለጉ። እህቴ አልተቀበለችም። «ግብዣ አልፈልግም። ልጄ እዚህ ተመልሳ በሰላም እንድትበላ ነው የምፈልገው» አለች። ልጅቷ ራሷ ናት መመለስ የፈለገችው። ቤቱን ትወደዋለች፣ ደግሞ እየፈሩ መኖር አልፈለገችም። መጀመሪያ ግን ሐኪሟን ጠየቁ። ሐኪሟ በቅድመ ሁኔታ ተስማሙ፤ ማድ ቤቱ ግልጽ ከሆነ፣ ሁለት መርፌ ከተያዘ፣ ማንም ጥርጣሬ ካደረበት አለመብላት።

ከዚያ ቁጭ ብለን ሜኑውን በእርሳስ ማጣራት ጀመርን። ሼፉ አንድ በአንድ ተናገሩ፣ እኔ ሰረዝኩ። ከነጩና ከብርቱካናማው ዕቃ የሚነካ ሁሉ ወጣ። ዳል ማካኒ የተሰረዘው፣ ጥቁሩ ምስር ላይ ከብርቱካናማው ስጎ ስለሚጨምሩበት ነው። ቢርያኒ የተጠበሰ ካሹ አለው። ስፒናቹ በነጩ ነው የሚለዝበው። ሳሞሳው ውስጡ ካሹ አለው፤ በእሱ ዘይት የሚጠበስ ሁሉ አብሮ ተሰረዘ። ማላይ ቲካ የሚባለው የዶሮ ጥብስ የሚዘፈዘፍበት ውስጥም ካሹ አለ። ኩልፊ የሚባለው አይስክሬም ፒስታቺዮ ነው። ሲያልቅ ዘጠኝ ምግብ ቀረን። ዳል ታድካ የሚባለው የምስር ወጥ፣ ቻና ማሳላ የሚባለው የሽምብራ ወጥ፣ ድንችና አበባ ጎመን፣ የታንዱር ዶሮ፣ ከሙን ያለው ሩዝ፣ ሮቲ የሚባለው ቂጣ፣ ራይታ የሚባለው እርጎና ሌሎች ሁለት።

ናን ለብቻው አከራከረን። ሊጡ ዱቄትና እርጎ ነው፣ ችግር የለውም። ነገር ግን ያው ሰሌዳ ላይ ፔሻዋሪ ናን ይዳመጣል፣ ውስጡ ዘቢብና የተፈጨ ድብልቅ ለውዝ ነው። ስለዚህ ናኑም ተሰረዘ። ሮቲው በሌላ ሰሌዳ ላይ፣ ማታ ታንዱሩ ሲጋል ከሁሉም በፊት እንዲጋገር ተስማሙ።

ሼፉ ከዚያው ከመሳቢያቸው ሰማያዊ ፕላስተር አወጡ። አንድ መጥበሻ፣ አንድ ጭልፋ፣ አንድ ማማሰያና አንድ ሰሌዳ እጀታቸው ላይ ጠቀለሉበት። ግድግዳው ላይ ሚስማር መትተው ለብቻ ሰቀሏቸው። ልጅቷ ደግሞ ካርድ ጻፈች። እህቴ ልትጽፍላት ነበር፣ «እኔ ነኝ የምታመመው» ብላ ራሷ ጻፈችው። «ካሹና ፒስታቺዮ ይገድሉኛል። ተፈጭተው ስጎ ውስጥ ቢገቡም ያው ነው። ከላይ አለመነስነስ አይበቃም። እባክዎ ሼፉ ያንብቡት» ይላል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከዚያ ምሽት በሰባተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ልክ በር ሲከፈት ነበር።

የሠራው

ከሁሉም በላይ የሠራው ጥያቄውን መቀየር ነው። «ለውዝ አለው?» ለሚል ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። የሚጣደፍ አስተናጋጅ «የለውም» ለማለት አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም፤ ከልቡም ሊሆን ይችላል። አሁን እህቴ የምትጠይቀው «ይሄን ስጎ ያወፈረው ምንድን ነው?» ብላ ነው። ይሄ በአዎ ወይም በአይ አይመለስም። የሚያውቅ ይናገራል። የማያውቅ ማድ ቤት ይሄዳል። ሌሎች ሁለት የህንድ ሬስቶራንቶች ውስጥም ሞክራዋለች። በአንደኛው አስተናጋጁ «ክሬም ነው» ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ትንሽ አሰበና «ቆይ ልጠይቅ» አለ። ሲመለስ ካሹ እንዳለው ነገራት።

ሰማያዊው ፕላስተርም ሠርቷል። ቋንቋ አይፈልግም። አዲስ ዕቃ አጣቢ እንኳ በአንድ ቀን ነው የለመደው።

ሌላው የሼፉ ሥራ ነው፣ ይሄን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። ልጅቷ ለስላሳ ስጎ እንደሚናፍቃት ሰሙ። ያለ ካሹ ቆርማ ሊሠሩላት ተነሱ። መጀመሪያ በእርጎ ብቻ ሞከሩ፤ እርጎው ሲሞቅ ተቋጠረ፣ ስጎው ውሃና ጓል ሆነ። በሁለተኛው ትንሽ የሽምብራ ዱቄት በደረቅ መጥበሻ አመስ አድርገው፣ ቀዝቃዛ እርጎ ውስጥ መትተው፣ በቀስታ እሳት እያማሰሉ አስገቡት። ያዘ። ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ አከሉበት። እንደ ካሹው አይጣፍጥም፣ ከእሱ ቀለል ይላል፣ ትንሽ ይኮመጥጣል። ልጅቷ ሳህኑን በሮቲ ጠራርጋ ጨረሰችው። ሼፉ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

ያልሠራው

ባለቤቲቱ ሜኑው ላይ ካሹ ባለበት ምግብ ሁሉ ኮከብ አሳተሙ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በአራተኛው ወር ሼፉ ለእረፍት ሄደው ሌላ ሰው ተተካ። እሱ ቡናማው ስጎ ውስጥም ካሹ ይጨምራል፣ እንደዚያ ነው የተማረው። ሜኑው ላይ ያለው ኮከብ ግን ያው ነው። ያን ጊዜ ያዳነን እህቴ የወትሮውን ጥያቄ ደግማ መጠየቋ ነው። አሁን ኮከቡ ጠፍቷል። በምትኩ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አለ፣ አሠራር በተቀየረ ቁጥር ይታደሳል።

የሐብሐብ ፍሬም አልሠራም። ብዙ ሼፎች ነጭ ስጎ ለማወፈር የተላጠ የሐብሐብ ዘር ይጠቀማሉ፣ ስለዚህ ጥሩ ምትክ መስሎን ነበር። ፓኬቱን ስናገላብጠው ካሹና አልሞንድ በሚታሸጉበት ቦታ እንደታሸገ ይናገራል። ተመለሰ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ከህንድ ሬስቶራንት ባዘዘው ምግብ ሞቷል። የሬስቶራንቱ ባለቤት የአልሞንድ ዱቄቱን ኦቾሎኒ ባለበት በርካሽ ድብልቅ ቀይሮ ነበር። በ2016 ፍርድ ቤት ስድስት ዓመት እስራት ፈርዶበታል። ሜኑው ሳይቀየር ፓኬቱ ይቀየራል።

ሦስተኛው ድክመት የራሳችን ነበር። ያ ረቡዕ ማድ ቤቱ ሁሉንም በትክክል ሠርቶ ላከ። ጠረጴዛው ላይ ግን የ9 ዓመቱ ወንድሟ ሻሂ ፓኒር የነካውን ማንኪያ ሩዟ ላይ አሳረፈው። ሳትቀምሰው አየነው። ሳህኑ ተቀየረ። ልጁ አለቀሰ፣ እሷ ደግሞ እሱን ስታባብል አመሸች። የህንድ ምግብ መሀል ላይ ተቀምጦ በጋራ የሚበላ ነው፣ ማንኪያ ይዞራል። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ሙሉ ከዘጠኙ ምግቦች ነው የሚያዘው። ልጅቷ መጀመሪያ ከፍቷት ነበር። «በእኔ ምክንያት ሁላችሁም…» ብላ ጀመረች። እናቴ አላስጨረሷትም። «እኔ ቻና ማሳላውን ነው የምወደው፣ ፓኒሩን ለእናንተ ብዬ ነበር የምበላው» አሉ።

ቡፌም አይሆንም፤ ጭልፋ ከዕቃ ዕቃ ይዞራል። በዴሊቨሪ ማዘዝም ትተናል፣ ሼፉን ዓይን ለዓይን ማየት ስለማይቻል። መውጫው ላይ ያለችው የእንስላል ፍሬና የስኳር ሳህን እንኳ ቀርታለች። ማንኪያዋ የሁሉም ነው፣ ምን እንደነካች አይታወቅም።

ለሌላ ጠረጴዛ የሚሆነው

የካሹ ጉዳይ ባይሆንም ይህ ታሪክ የሚጠቅመው ሰው ያለ ይመስለኛል። ወተት የማይስማማው፣ ስንዴ የተከለከለ፣ ሥጋ የማይበላ። የወተት ችግር ያለበት ሰው ስለ ክሬም ይጠይቃል፣ ዳሉ የተቁላላበትን የተነጠረ ቅቤ ግን ይረሳዋል። ስንዴ የተከለከለ ሰው ናን ይተዋል፣ ምስሩ ውስጥ የሚገባው ሂንግ የሚባለው ቅመም ግን ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ከሜኑው ላይ ስም ይልቅ ሦስት ቦታ መጠየቅ ይሻላል፦ ምን አወፈረው፣ በምን ተቁላላ፣ በምን ተዘፈዘፈ።

መልእክት በሰው እጅ ባለፈ ቁጥር ያጥራል። እህቴ የተናገረችው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ማድ ቤት የደረሰው ሁለት ቃል ነው። የጠፋው ደግሞ ዋናው፣ «አለርጂ» የሚለው ነው። አሁን አስተናጋጁ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብልናል፣ ካርዱ ለሼፉ ይሄዳል፣ ሼፉ አንገታቸውን ብቅ አድርገው እስኪያረጋግጡ ምግብ አይጀመርም። ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይሄ አይቻልም። ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይቻላል። ሰዓቱን መምረጥም የጥንቃቄው አካል ነው።

ማጣራቱ ሲደረግ ደግሞ ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት መሄዳችን ጠቅሟል። እህቴ ተናዳ ነበር የሄደችው፣ ግን የጠየቀችው «እንዴት እንደምትሠሩት አሳዩኝ» ብላ ነው። ሼፉም አሳዩን። ያን ቀን ለጭቅጭቅ ብቻ ብንሄድ ኖሮ ያን የካሹ ሳህን አናየውም ነበር።

የሽሮፑንና የመርፌውን ነገር በቤተሰቡ ውስጥ በግልጽ ተነጋግረናል። እናቴን ጨምሮ ሁላችንም መድኃኒት በሌለው የመለማመጃ መርፌ ሠልጥነናል። ሁለቱ መርፌዎች አሁን ጠረጴዛው ላይ፣ ከውሃው ብርጭቆ አጠገብ ነው የሚቀመጡት።

ዝምታዋ ነው የቀረው። ይሄን በአንድ ቀን አልፈታነውም። እህቴ አንድ ነገር ቃል ገባችላት፦ ምንም ቢሆን፣ ምንም ዝግጅት ቢሆን፣ ከተናገርሽ ማንም «አስደነገጥሽን» አይልሽም። ዘንድሮ እናቴ 71 ሞላቸው። ያው ቤት፣ ረቡዕ ቀን፣ ገና በር ሲከፈት። ሻማው ተለኩሶ ልንዘፍን ስንል ልጅቷ ሹካዋን አስቀመጠች። «ማሚ፣ ምላሴ ላይ የሆነ ነገር አለ» አለች። ሁሉም ቆመ። አባቷ መርፌውን ያዘ። ሼፉ ከማድ ቤት ወጥተው ሳህኗን አዩና፣ ድንቹ መሀል በደንብ ያልበሰለ የዝንጅብል ቁራጭ አገኙ። አጠገቧ ተቀምጠን ከንፈሯን፣ አንገቷን፣ ድምጿን ግማሽ ሰዓት ተከታተልን። ምንም አልነበረም። እናቴ «በይ አሁን እንዝፈን» አሉ። ሻማው ቀልጦ ስላለቀ ባለቤቲቱ ሌላ አመጡ።